አባ የጠገኗት ማውስ

በቅርቡ ቀሚስ ላሳጥር መኪና ግርግር ገባሁ። ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወርደው የሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ ነው። ሰፊው መኪናውን ዘይት እየቀባ ነበር። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ቀሚሱን እንደያዝኩ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«እህት፣ ምን ይደረግለት?» አለኝ።

ምን እንደሚደረግለት ጠፋብኝ። ሌላ ሰው የስፌት መኪና ዘይት ሲሸተው ምን ትዝ እንደሚለው አላውቅም። እኔን ትዝ የሚለኝ አንዲት አሮጌ የኮምፒውተር ማውስ ናት፤ ከእሷ ጋር እህቴ ሩቂያ፣ ከሩቂያ ጋር አባ።

አባታችን፣ አባ፣ እዚያው መንገድ ላይ ሰፊ ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የሶፊ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከተማ ገብተው መርፌ ያዙ፣ በመርፌም ቤት ሠሩ። ቤታችን አቦከር ሰፈር ነበር። እናታችንን አዮ ነው የምንላት። ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ደጅ አማርኛ እናወራለን፤ አባ ጨርቅ ከሚያመጡላቸው የጁገል ሴቶች ጋር ሐረሪኛውንም ይሞክሩታል፣ ሴቶቹም ይስቁባቸዋል።

አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት፣ ጅዳ ያለው አጎቴ፣ የአዮ ወንድም፣ ለሩቂያ ኮምፒውተር ላከላት። አዲስ አልነበረም። የሚሠራበት ቢሮ ዕቃውን ሲቀይር የተጣለውን አንስቶ ነው። ካርቶኑ ላይ ግን በወፍራም ቀለም «ለሩቂያ» ብሎ ጽፎበታል፤ በአማርኛም በዐረብኛም። ዕቃ የማን እንደሆነ የሚታወቀው ስም ሲጻፍበት ነው ብዬ ስለማምን፣ እኔ ያን ጽሑፍ እንደ ማኅተም ነበር የማየው።

ሩቂያ አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች። ውጤቷ ወደ መሰናዶ አላስገባትም። የኮምፒውተር ኮርስ ወሰደች፤ ከዚያ ቤት ተቀመጠች። ቤት መቀመጥ ምን እንደሆነ ያየሁት በእሷ ነው። ካልጠሯት አትናገርም፤ የታጠበ ዕቃ መልሳ ታጥባለች። ኮምፒውተሩ ከመጣ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ሳሎን፣ መስኮቱ ሥር፣ አባ በሰፉለት ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ ነበር። የሰርግ ጥሪ ትጽፋለች፤ የጎረቤት ማመልከቻ ትጽፋለች፤ እያደር የአስተማሪዎች ፈተና መጻፍ ጀመረች። የጻፈችውን ፈረስ መጋላ ወስዳ ታሳትማለች። ስትመለስ እየፈጠነች ነው፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ልትገባ ስትል አዮ ትጮህባታለች።

የእኔ ሥራ ማንበብ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በርጩማዬን አጠገቧ አድርጌ የሰዉን የእጅ ጽሑፍ አነብላታለሁ፣ እሷ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ትመታለች። አራት ነጥብ ስደርስ «አራት ነጥብ» ብዬ እጮሃለሁ። ጸሐፊ ሁሉ አጠገቡ የሚጮህለት ሰው ያለው ይመስለኝ ነበር።

ማውስ ማለት በእንግሊዝኛ አይጥ ማለት እንደሆነ የነገረችኝ ሩቂያ ናት። ገልብጬ ሳያት ከሆዷ ሥር ቀይ መብራት ይበራል። ዓይኗ ሆዷ ላይ ነው ብዬ ደመደምኩ። አዮ ይህን ከሰማች በኋላ አልነካትም አለች። «ያቺ ነገርሽ» ነበር የምትላት።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የማውሷ ጎማ ታመመች። ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች የምታንቀሳቅሰዋ፣ በሁለቱ ቁልፎች መካከል ያለችው ትንሽ ጎማ። ሩቂያ ወደ ታች ስታንከባልላት ገጹ ትንሽ ይወርድና ተስፈንጥሮ ወደ ላይ ይመለሳል። አንዳንዴ ጣቷ ሲነካት ጭራሽ አትንቀሳቀስም፤ ሌላ ጊዜ ሳትነካት ትሮጣለች። ሩቂያ የደረሰችበትን መስመር ታጣዋለች፣ እኔም ያነበብኩትን እደግማለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ጥያቄ ዘልላ የአንድ ክፍል ፈተና አሳትማ፣ እንደገና በራሷ ሒሳብ አሳተመችው። ጂን ገብቶባት ነው ብዬ፣ ሩቂያ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ እጄን ጭኜ ከቁርኣን አያተል ኩርሲን ቀራሁባት። አልዳነችም።

ሌላ እንዳትገዛ ደግሞ ፈረስ መጋላ ያሉት ሱቆች የሚሸጡት ጠፍጣፋ መሰኪያ ያለውን ነው። የእኛ ኮምፒውተር ክቡን እንጂ ሌላ አይቀበልም።

ሩቂያ የተጨነቀችው ወዳ አይደለም። ፈተና የምትጽፍለት የግል ትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ደርባባ ሴት ነበሩ፣ ከዒድ በኋላ ጸሐፊ አድርጌ እቀጥርሻለሁ ብለዋት ነበር። ከዚያ በፊት የመጨረሻውን ፈተና በሙሉ፣ የሁሉንም ክፍል፣ ያለ ስህተት ጽፈሽ አሳዪኝ አሏት። ይህን ለአዮና ለእኔ ብቻ ነበር የነገረችን። ለአባ የምትነግርበትን ቀን እየፈለገች ነበር።

በዚያው ሰሞን የአባን ምሳ ወደ ሱቅ ይዤ ስሄድ፣ አጠገባቸው የሚሰፋው ሰውዬ ሥራውን ሳያቆም እንዲህ አላቸው፦

«ቤትህ ቢሮ ሆኗል አሉ። ወንዱም ሴቱም ይገባበታል።»

እኔ ኮራሁ። ቤታችን ቢሮ መባሉ ትልቅ ነገር መሰለኝ። ፈተና የሚያመጣው አንድ የሒሳብ መምህር ነበር፤ በር ላይ ቆሞ ወረቀቱን ለአዮ ሰጥቶ የሚሄድ፣ ቀና ብሎ እንኳ የማያይ ልጅ። የተባለው ስለ እሱ እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። አባ መርፌ ላይ ክር እያስገቡ ነበር። ክሩ ሳታቸው። እንደገና ምራቅ አስነክተው ሞከሩ፣ እንደገና ሳታቸው።

«ሂጂ ቤት፣» አሉኝ። ምሳቸውን አልከፈቱትም።

አባ ሲቆጡ አይጮሁም፤ ዝም ይላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሩቂያን አላናገሯትም። ጥቂት ቆይቶ ሁለት ትልልቅ ሴቶች ከጅጅጋ መጡ። ዲሪ የሚባለውን የሚያምር ስስ ቀሚስ ለብሰዋል፤ እጃቸው በሒና ጠቁሯል። አዮ ሩቂያን ውሃ አምጪ አለቻት፣ ቀጥሎ ጭማቂ፣ ቀጥሎ ብርጭቆውን መልሺ። ሴቶቹ ሩቂያ ስትሄድም ስትመጣም ያይዋታል፤ እግሯን፣ ወገቧን፣ ሰሐን የያዘ እጇን። እኔ ደንበኞች ናቸው ብዬ ኮምፒውተሩን አበራሁና በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ።

«ምን ይጻፍላችሁ?» አልኳቸው።

ሴቶቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ታላቂቱ ጉንጬን ይዛ፣ «የሚጻፈውን አላህ ጽፎታል ልጄ፣ እኛ ለማየት ነው የመጣነው» አለችኝ።

ሩቂያ ብርጭቆዎቹን ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ጓዳ ገብታ፣ «አዮ፣ ለምንድን ነው የመጡት?» ስትል ሰማኋት።

«እንግዳ ናቸው። እንግዳ ይመጣል አይደል?» አለች አዮ። ሽንኩርት ስለምትከትፍ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ አንድ አርብ፣ አባ ከጁምዓ ሲመለሱ ወደ ሱቅ አልሄዱም። ሽርጣቸውን ታጥቀው፣ የሱቃቸውን ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ወረንጦ በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ።

«ሩቂያ! ያቺ ነገር ምን ሆነች ነው የምትሉት?»

«የትኛዋ አባ?»

«ጎማዋ የሚያስቸግራት። ኮቱ፣ አምጪልኝ።»

ሩቂያ እኔን አየችኝ፤ እኔም እሷን። ለሳምንታት ያላናገሯት ሰው ኮቱ፣ ነይ፣ ሲሏት ምን እንደሆነች ለመናገር ይቸግረኛል። ማውሷን ነቅላ በሁለት እጇ ይዛ መጣች፣ እንደ እንቁላል።

አባ ገለበጧት። ብሎን አይታይም። ሆዷ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በአውራ ጣታቸው ዳበሱና «እዚህ አለሽ» አሉ፤ ብሎኗ ከወረቀቱ ሥር ነበረች። ሲከፍቷት እኔ አንገቴን አሰገግኩ። ዓይንም አንጀትም የላትም። አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ትንሽዬ ጎማ፣ ከጎማዋ ጎን ደግሞ ከጥፍር የማትበልጥ ሳጥን። አቧራና የዳቦ ፍርፋሪ ሞልቷታል፤ የጎማዋ ዘንግ ላይ ረጅም ጥቁር ፀጉር ተጠምጥሟል። አባ በወረንጦ ቀስ አድርገው እየሳቡ አወጡት። የሩቂያ ነው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩትና ሳይጥሉ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ አስቀመጡት።

ሲገጥሟት ግን ያው ናት፤ ገጹ አሁንም ይዘላል።

«ዘይት ጠብ ላድርግባት» አሉ አባ። ዘይቱ በእጃቸው ነበር፣ ጣታቸውም ሁልጊዜ እሱን ነው የሚሸተው።

«አይ አባ! ይህ እንደ መኪናዎ አይደለም። ዘይት ከነካት ትሞታለች።»

አዮ ከጓዳ ብቅ አለች። አባ ሩቂያን አዩዋት፣ ከዚያ ዘይቱን ከደኑት። ጣታቸውንም በሽርጣቸው ጫፍ ደህና አድርገው ጠረጉ። አንድ ሰው ተው ብሏቸው ሲተዉ ያየሁት የዚያን ቀን ነው።

ጥገናው ብዙ ቀን ወሰደ። መብራት በፈረቃ ነው፤ ክቡ መሰኪያ ደግሞ በተነቀለ ቁጥር ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ካልበራ ማውሷን አያውቃትም። አባ የከሰዓቱን የአስር ሶላት እንደሰገዱ ቶሎ መምጣት ጀመሩ። ይፈቷታል፣ ይገጥሟታል፣ ሩቂያ ትሞክራታለች። ብልሽቱን ያገኘችው ሩቂያ ናት። ማውሷ ክፍት እንደሆነች ያቺን ትንሽ ሳጥን በጥፍሯ ጫን ስትላት ገጹ መዝለሉን ተወ። ስትለቃት ዘለለ።

«አባ! ይቺ ናት! ላልታለች!»

አባ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አጎነበሱ። ሳጥኗን አቅፈው የያዙት የብረት ከንፈሮች ተከፍተው ነበር። ፒንሳውን አንስተው ትንሽ ቆነጠጧቸው፤ ሌላ ትንሽ። «ካጠበቅኳት ትታነቃለች፣» አሉ፣ «ካላጠበቅኳትም ትዋሻለች።» ሩቂያ ሳቀች። አባም ሳቁ። ግንባራቸው ሊነካካ ደርሶ ነበር።

ቀጥሎ ጎማዋ ቀረች። ከብዙ አገልግሎት ተፍቃ ለስልሳ ጣት ላይ ትንሸራተታለች። በማግስቱ አባ ከኪሳቸው አንዲት ጥቁር የጎማ ቀለበት አወጡ። ከስፌት መኪናቸው ላይ ነው የነቀሏት፤ የታችኛው ክር ሲጠቀለል የምታሽከረክረዋን።

«የገዛ መኪናህን?» አለች አዮ።

«ሌላ እገዛለሁ። እስከዚያ በእጄ እጠቀልላለሁ።»

አባ መኪናቸውን እንኳን ሊያፈርሱ ሰው ሲነካባቸው አይወዱም። እኔ ያን ቀን አባ ከሩቂያ ጋር ሙሉ በሙሉ ታረቁ ብዬ አመንኩ። ቀለበቷ ትንሽ ሰፍታ ስለነበር ከሥሯ ክር ጠመጠሙላት፤ ልክ ሆነች።

ሩቂያ የፈለገችውን ቀን ያገኘች መሰላት። እየገጠሙ ሳለ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አባ፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሴት ናቸው፣ ጸሐፊ ሁኚልኝ ብለውኛል። ከዒድ በኋላ። እርስዎ ከፈቀዱልኝ» አለቻቸው።

አባ ብሎኗን እያጠበቁ ነበር። ቀና አላሉም።

«ኢንሻ አላህ» አሉ።

ሩቂያ ከኋላቸው ሆና እጄን ጨመቀችኝ፣ እስኪያመኝ። እኛ ቤት ይህ ቃል እሺ ማለት ነበር። ቢያንስ እስከዚያ ቀን ድረስ እኛ የምናውቀው እንደዚያ ነው።

ማውሷ ስትሰካ ገጹ መስመር በመስመር ወረደ። ወደ ላይም እንደዚያው። አባ ከዐረብኛ በቀር ማንበብ አይችሉም፤ ግን ሩቂያን አስነስተው ወንበሯ ላይ ተቀመጡና በአመልካች ጣታቸው ጎማዋን እያንከባለሉ የአማርኛ ፊደል ሲወርድ ሲወጣ ተመለከቱ። «ማሻ አላህ» እያሉ። በዚያው ሳምንት ሜትራቸውን አንስተው ሩቂያን ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ለኳት። ለሥራው ልብስ ሊሰፉላት መሰላት። ቀለሙ ጠቆር ያለ ቢሆን ደስ ይለኛል አለቻቸው፤ አባ ሜትራቸውን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ፈተናውን በሙሉ ጻፈች። እኔ አነበብኩላት፣ አንዲት ጥያቄ አልዘለልንም። ዳይሬክተሯ አይተው ዒድ ካለፈ በኋላ ነይ አሏት።

ዒድ አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት አባ ከማላውቀው ሰው ጋር መጡ። ፈረስ መጋላ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የሚከፍት ሰው ነው። ደንበኛ መስሎኝ በርጩማዬን አቀረብኩ። ሰውዬው ኮምፒውተሩን ዞሮ አየ፣ በጣቱ አንኳኳ። ሩቂያ ከጓዳ ወጣች፣ እጇን እየጠረገች።

«ሩቂያ፣ አሳዪው» አሉ አባ።

«ምኑን አባ?»

«ማውሷን። ጎማዋ ወደ ታችም ወደ ላይም እንደምትሠራ።»

ሩቂያ ወዲያው የገባት ይመስለኛል። ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ የቀረው የአራተኛ ክፍል ፈተና ነበር። ጣቷን ጎማዋ ላይ አድርጋ አወረደችው፣ እስከ ታች፣ እስከ «መልካም ዕድል»። ከዚያ መልሳ አወጣችው።

«አንድ ጊዜ ድገሚው እስቲ» አለ ሰውዬው።

ደገመችው።

«ጥሩ ትሠራለች። አዲስ ነች?»

«አሮጌ ናት» አሉ አባ። ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር፤ ይህን ነው እስከ ዛሬ ልለምደው ያልቻልኩት። «እኛ ነን የጠገንናት። እኔና ልጄ።»

ዘለልኩና «አባ፣ የሩቂያ እኮ ነው! ካርቶኑ ላይ ተጽፏል!» አልኩ።

«ካርቶኑ አለ እንዴ?» አሉኝ። «አምጪው።»

ሮጥኩ። ጽሑፉን ሊያነቡት፣ ሰውዬው እንዲያየው፣ ነገሩ እንዲያበቃ መስሎኝ ነበር። ከአልጋ ሥር ጎትቼ አመጣሁላቸው። ተቀብለው ኮምፒውተሩን በውስጡ አስገቡት። ስክሪኑን ሰውዬው በክንዱ ያዘ። ማውሷን ሩቂያ ራሷ ነቀለቻት፤ ሽቦዋን ጠቅልላ ካርቶኑ ውስጥ ከዳር አስቀመጠቻት።

ሰውዬው ከሄደ በኋላ ባዶው ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«አባ፣» አለች፣ «መጀመሪያ ሲፈቷት ሊሸጡት ነበር?»

አባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ካልሲያቸውን እያወለቁ ነበር። «አዎ» አሉ። «ጅጅጋ ያሉት ሰዎች ቃል ተቀብለዋል። የሰው ሚስት በኮምፒውተር ምን ትሠራለች?»

«ታዲያ ለምን ጠገኗት? ለምን ዝም ብለው አልሸጡትም?»

አባ ጥያቄው በእውነት ገረማቸው።

«ከነብልሽቱ ልሸጥለት? ሐራም አይደለም እንዴ? የማያውቅ ሰው ይታለላል?»

አዮ ጠረጴዛውን ያን ጨርቅ መልሳ አለበሰችው፣ ከሥሩ አንድ ነገር ያለ ይመስል።

ዳይሬክተሯ አንድ ጊዜ ሰው ልከው ጠየቁ። አዮ በሩ ላይ ቆማ «ታጭታለች» አለች። መልእክተኛው ያው የሒሳብ መምህር ነበር። «መብሩክ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ሰርጉ በቶሎ ሆነ። አባ የለኩት ልብስ ወርቃማ ነበር። የሠራው እጅ ጥሩ እጅ ነው፤ ስፌቱን የሚያውቁ ሁሉ እያገላበጡ አደነቁት። ሩቂያ የተባለችውን ሁሉ አደረገች። ተነሺ ሲሏት ተነሳች፣ ሒና ሲቀቧት እጇን ዘረጋች። እሺ ትላለች እንጂ ከዚያ ያለፈ ቃል አልወጣትም። ባሏን ያየችው ከኒካው በኋላ ነው። ክፉ ሰው አይመስልም ነበር፤ ላብ ያጠመቀው፣ ከእሷም በላይ የፈራ ሰው።

ከቤት ስትወጣ፣ እንደ ወጉ፣ ወላጆቿን አፉ በሉኝ ማለት ነበረባት። ላስቀየምኩት ሁሉ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። አዮ ላይ ተጠመጠመች፤ ተላቀሱ። ከዚያ አባ እግር ሥር ዝቅ አለች።

«አፉ ይበሉኝ አባ።»

«አፉ ብያለሁ ልጄ፣ ዱንያም አኺራም፣ በዚህም በወዲያኛውም ዓለም» አሉ አባ። ድምፃቸው ተሰበረ። አባ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር። አንስተው ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ አባት ለልጁ ብዙ ጊዜ የማይለውን አሉ፦ «አንቺም አፉ በይኝ።»

ሩቂያ መሸፈኛዋን አስተካከለች። ሴቶቹ ይዘዋት ወጡ።

እልልታው ጆሮ ይበሳል፤ መኪኖቹም ጡሩምባ እየነፉ ነው። አባ ከኋላ ተከትለው በሩ ድረስ መጡ፤ በዚያ ጩኸት መካከል ሩቂያን ብቻ እያዩ ቆመው ይጠብቃሉ። አልሰማችም ብዬ አሰብኩ። በሰዉ እግር መካከል ሾልኬ መኪናው ጋ ደረስኩ። መስኮቱ ተከፍቶ ነበር። ጫፉን ይዤ ጮህኩ፦

«ሩቂያ! አባ አፉ በይኝ እያሉሽ ነው! አልሰማሽም እኮ!»

መሸፈኛዋን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። አላለቀሰችም። ቀጥሎ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግራ በሩ ላይ የቆሙትን አባን አየች።

«ሰምቻለሁ» አለችኝ።

መስታወቱንም ዘጋችው።